ሳይቆጠሩ መከለል

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ሕዝብ በየ10 ዓመቱ እንዲቆጠር፣ በውጤቱም መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከምርጫ ቦርድ በሚቀርብለት ረቂቅ የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ያዝዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩን ሁለቱ ምክር ቤቶች በሰኔ 2011 ዓ.ም. በጋራ ተቀምጠው አራዘሙት። በ2015 ዓ.ም. ጎጃም ላይ የተቀሰቀሰው ጦርነት ሥራውን እንዳከበደው አውቃለሁ፤ ማራዘሙ የተጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ታዲያ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ምክር ቤቶች ምን ይጠብቃሉ? «ጉዳዩ የፌዴራል ነው» የሚለው ምላሽ አያሳምነኝም። አንቀጽ 54 የተወካዮችን መቀመጫ በ550 ገድቦታል፤ የተከለለው ደግሞ 547 ነው። እንግዲህ አከላለሉ ሲሻሻል ለአንዱ የሚጨመረው በአብዛኛው ከሌላው ተቀንሶ ነው። የትኛው ቀበሌ ከየትኛው ገበያና መንገድ ጋር እንደሚኖር የሚያውቀውም አዲስ አበባ የተቀመጠ ካርታ ሠሪ ሳይሆን የቀበሌው ሰው ነው።

ስለዚህ ምክር ቤቶቹ ረቂቅ ሲመጣ ለማጨብጨብ ብቻ አይጠብቁ። ቆጠራው እንዲካሄድ፣ ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለነዋሪው እንዲቀርብ ከወዲሁ በቃለ ጉባኤ ይጠይቁ። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እኔ ግን እላለሁ፦ ጎተራ ውስጥ እንደተረሳ እህል፣ ዝም የተባለበት ድምፅም ይነቅዛል።