ቅርፅ ለማን? የድረ ገጽ ፋሽንና ፊደላችን

ቅርፅ ከይዘት ተነጥሎ አይቆምም። በቴአትርና በሥነ ግጥም መድረክ አጥብቀን የምንሟገትለትን ይህን እውነት ወደ ድረ ገጽ ንድፍ ስንመጣ እንዘነጋዋለን። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የስልክ ገጽታ ቆዳና ስፌት አስመሳይ ጌጦችን አስወግዶ ጠፍጣፋ መደብና ቀጫጭን ፊደላት ባሳየ ጊዜ ብዙዎች ተከተሉት። በነጭ መደብ ላይ ግራጫ ጽሑፍ ማስፈርም የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ።

የእኛ ፊደል ግን የራሱ ጠባይ አለው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲቀጥንና ሲደበዝዝ አስቀድማ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት፤ ከእርሷም ጋር ቃሉ ይጠፋል። በፀሐይ ሥር አሮጌ ስልክ ይዞ ለሚያነብ መምህር ይህ ውበት ሳይሆን ግርዶሽ ነው።

ታዲያ አዲስ ነገር ሁሉ ይወገዝ ማለታችን ነውን? አይደለም! የአስመሳዩ ጌጥ መወገድ ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። ስለሆነም ደብዛዛውን ፋሽን የሚከተል ሰው «ከዓለም ጋር ተራመድሁ» ሊል አይችልም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ። የንድፍ ባለሙያዎቻችን ከፋሽን ሳይሆን ከአንባቢው ዓይን ሊነሡ ይገባል።