ስለ ደመወዝ ጭማሪ ጥያቄና ስለ ሠራተኞች መልቀቅ

በወልቂጤና በቡታጅራ በሚገኙ የንግድ ቤቶች ላይ በያመቱ መስከረም የሚደርስ አንድ ጉዳት አለ፤ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ግን ተጽፎ አይገኝም። ሠራተኛው ለመስቀል ፈቃድ ተቀብሎ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ አይመለስም። በእስልምና ተከታዮች ዘንድ በዓረፋ ሰሞን የሚሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ነጋዴው «ውለታ ቢስ» ብሎ ያማርራል፤ ሌላ ሰው ይቀጥራል፤ ነገሩም እስከሚቀጥለው ዓመት ይረሳል።

ምክንያቱ ግን ስውር አይደለም። መስቀል የጉራጌ ተወላጅ ካለበት ሁሉ ወደ አገሩ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ክትፎው በሚበላበት ማዕድ ዙሪያ ከመርካቶ የመጣው የአጎት ልጅ ደመወዙን ይናገራል፤ በወልቂጤ ሱቅ የሚሠራውም ወጣት ይሰማል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ የሆነችው ቡታጅራ ደግሞ ከዚያም ትቀርባለች።

ወጣቱ ከመሄዱ በፊት ጭማሪ ያልጠየቀው ለምንድን ነው? በነዚህ ከተሞች ብዙው ሻጭ የባለሱቁ ዘመድ ወይም የአገሩ ልጅ ነው። «ጋሼ» ብሎ የሚጠራውንና ከአንድ ማዕድ አብሮት የሚበላውን ሰው «ደመወዝ ይጨመርልኝ» ማለት እንደ ነውር ይቆጠርበታል። ጌታው በበኩሉ ምግቡንና ማደሪያውን በደመወዙ ላይ ደምሮ ያስባል፤ ሠራተኛው ግን በእጁ የገባውን ብር ብቻ ይቆጥራል። ሁለቱም በየራሳቸው ሒሳብ አልተሳሳቱም፤ የጎደለው አብረው ተቀምጠው መደመሩ ነው። በቀድሞው ልማድ ለዓመታት በታማኝነት ያገለገለውን ልጅ ጌታው መነሻ ገንዘብ ወይም ሸቀጥ በዱቤ ሰጥቶ ሱቅ ያስከፍተው ነበር። ትንሹን ደመወዝ ያስታገሠው ይህ ተስፋ ነበር። ተስፋው በራቀበት ቤት ትንሹ ደመወዝ ብቻውን ቀርቷል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙው አስመጪ የሸቀጡን ዋጋ ለመከለስ ማንንም አልጠበቀም። የሻጩን ደመወዝ ለመከለስ ግን የሠራተኛው አፍ እስኪከፈት ይጠበቃል።

የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ እንጂ ለግል ድርጅቶች የብሩን ልክ ራሱ አልቈረጠም። ስለዚህ ወጣቱ የራሱን ደመወዝ የሚለካው በመንግሥቱ ቁጥር ቢሆን አይደንቅም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ በወር 6,000 ብር ከሚያገኝ ሰው ላይ የሚቆረጠውን ግብር ከ935 ብር ወደ 700 ብር ዝቅ አድርጎለታል። ይህ 235 ብር ከመንግሥት ግምጃ ቤት የቀረ ገንዘብ ነው፤ ጌታው «ጨምሬለት ነበር» ብሎ ሊቆጥረው አይገባም። በርግጥ ጭማሪ ለቀጣሪው ከሚታየው ይበልጣል፤ በ6,000 ብር ላይ የቀጣሪው የጡረታ መዋጮ፣ 11 በመቶው፣ 660 ብር ይሆናል። ትንሹ ሱቅ ይህ እንደሚከብደው አይካድም።

የመልቀቁ ወጪ ግን ይበልጥ ይከብዳል። የዱቤ ደንበኞችን ጠባይ፣ ማን በገበያ ቀን እንደሚከፍል፣ ማን እስከ ምርት እንደሚቆይ የሚያውቀው ሻጩ ነው። በቡታጅራ የማረቆን በርበሬ የሚገዛ ነጋዴ ክብደት እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበትን በርበሬ በእጁ ዳብሶ የሚለይ ሠራተኛ ቢሄድበት፣ በመጋዘኑ የሻገተ ጆንያ ባገኘ ቀን የጭማሪውን ልክ ያውቀዋል።

አንዳንድ ነጋዴዎች ለዚህ መድኃኒት ያሉት አንዱ የሌላውን ሠራተኛ እንዳይቀጥር በቃል መስማማትን ነው። ይህ ሠራተኛውን በሱቁ አያቆየውም፤ ከጎረቤት ሱቅ አስመልጦ ለአዲስ አበባ ይሰጠዋል እንጂ። ቢያንስ በጎረቤት ሱቅ ቢቀር ከተማይቱ አትጎዳም ነበር።

ይልቁንስ ንግግሩ በነሐሴ፣ ከመስቀል ጉዞና ከበርበሬው ገበያ መድመቅ በፊት ቢደረግ ይሻላል፤ ለዓረፋ ተጓዦችም ከበዓሉ አስቀድሞ። ጀማሪውም ጌታው ይሁን፤ ታናሽ ታላቁን ይጠይቅ ዘንድ መጠበቅ በዚህ አገር ከንቱ ነው። የምግቡና የማደሪያው ግምት፣ በእጅ የሚከፈለው ብር፣ የሚቀጥለው ክለሳ ቀን በወረቀት ይስፈር። በቃል የተነገረ «ሥራህን አይቼ አስብበታለሁ» እስከ መስቀል አይቆይም።

ለመሄድ የቈረጠ ሠራተኛ ቢኖር የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊለቅ በሕግ ተፈቅዶለታል። ብዙዎቹ ሳይናገሩ የሚጠፉት የመጨረሻው ወር ደመወዝ እንዳይያዝባቸው ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም ሁልጊዜ ያለ ምክንያት አይደለም። በሕጉ የሚገባው ሒሳብ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚከፈለው፣ የሠራው ሥራ፣ ያገለገለበት ዘመንና ደመወዙ የተጻፈበት ምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ እንደሚሰጠው በሱቁ ቢታወቅ፣ በነዚያ 30 ቀናት ውስጥ የዱቤውን መዝገብ ስም በስም ለተተኪው አስረክቦ ይሄዳል።