አፈርም ይሞታል፤ ጠበቃስ ማን ይቁምለት?

በአማርኛችን አፈር የሞት ስም ነው። ስንለማመጥ «አፈር ስሆን» እንላለን፣ ስንራገም «አፈር ያስበላህ» እንላለን፣ ሟችንም «አፈሩን ያቅልልለት» ብለን እንሰናበታለን። አፈር ራሱ ነፍስ አለው፣ እሱም ሊሞት ይችላል ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይኸው ነው።

የአራዳ ልጅ ሁሉ አትክልት ተራን ያስታውሳል። ከመቂና ከዝዋይ (ባቱ) በሌሊት የመጣ ቲማቲም በሣጥን ሲራገፍ ጫጫታው ፒያሳን ይቀሰቅስ ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማት ፈረሱ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም እስኪደክመው ተከራከረ፤ የሚፈርሰው ነገር በዓይን ይታያላ! ያ ቲማቲም የሚበቅልበት አፈር ሲጎዳ ግን ማንም አልተከራከረም፤ ምክንያቱም ጉዳቱ አይታይም።

በአንድ የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ ባክቴሪያዎች ብቻ ከ100 ሚሊዮን እስከ አንድ ቢሊዮን ይደርሳሉ። ቅጠልና ፍግ አበስብሰው ለተክል ምግብ የሚያደርጉት እነዚህ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ባቄላና ሽምብራ መሬት ያለመልማሉ የሚለው የገበሬው ዕውቀት ምስጢሩ እዚህ ነው፤ ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ በሥራቸው እባጭ ውስጥ ተቀምጦ ናይትሮጂንን ከአየር ይቀልባቸዋል። በውጭ ምንዛሪ የምንገዛው ዩሪያም የሚሰጠን ያንኑ ናይትሮጂን ነው።

ፀረ ተባይ ኬሚካል ሁሉ አፈርን ይገድላል ማለት ግን ስህተት ነው። ጉዳቱ እንደ ዓይነቱ፣ እንደ መጠኑና እንደ አፈሩ ይለያያል፤ አንዳንዱን ኬሚካል ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይሰባብሩታል። ከመትከል በፊት መሬት ለማጠን የሚጨመረው ጋዝ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ፀረ ፈንገስም ተክልን የሚያሳምመውን ፈንገስ ሲገድል፣ ከሥር ጋር ተዛምዶ ፎስፈረስ የሚያቀብለውን ጠቃሚ ፈንገስ አብሮ ሊጎዳ ይችላል። መዳብ ያለበት ርጭት ደግሞ ብረት ነውና አይበሰብስም፤ በየዓመቱ በላይ በላዩ ይከማቻል። ገበሬው በሕያው ማዳበሪያ ያሸውን የባቄላ ዘር በፀረ ፈንገስም ካሸው በአንድ እጁ የዘራውን ባክቴሪያ በሌላ እጁ እንደ መግደል ነው።

ገበሬው ኬሚካሉን «መድኃኒት» ይለዋል። መድኃኒት ከሆነ ሲበዛ ይሻላል፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ደግሞ ይበረታል ብሎ ያስባል። ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ በ2012 እ.ኤ.አ. አገራችን ከገባ ወዲህ ርጭቱ ይበልጥ በረታ። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰብሉ በዓይኑ እያየ ሲወድም ከባለሱቁ በቀር ቀርቦ የሚያማክረው ማን ነው?

ያለፈውም ትምህርት ሊሆነን በተገባ ነበር። በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ለዓመታት ተከማችቶ፣ በርሜሉ ዝጎ ወደ መሬት ሲንጠባጠብ ኖሯል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በውጭ ዕርዳታ ከ1,000 ቶን በላይ ተለቅሞ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። ኬሚካሉ ተጫነ፤ የጠጣው አፈር ግን እዚሁ ቀረ።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ለሁሉም ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውሳኔ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የአፈር ጠበቃ እኔም እርስዎም ነን ማለት ነው።

በተግባርስ? በ1990ዎቹ መጨረሻ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ መከሰስ ያለበት በካዩ ነው በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። ወንዝ እንኳ ይሸታል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ከብት ይገድላል። ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው ወንዝ እዚያ ከቀረ፣ የማይሸተውና የማይጮኸው አፈር ምን ተስፋ አለው? ከሳሽ ማስረዳት አለበት፤ ለማስረዳት ደግሞ አፈሩ ከርጭቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያስፈልጋል። ያልተለካ ነገር ጎደለ ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አላውቅም።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ኬሚካል ከመመዝገቡ በፊት ፈዋሽነቱ፣ ደኅንነቱና ጥራቱ እንዲፈተሽ ደንግጓል። ጥያቄው «ደኅንነቱ ለማን?» ነው። የአፈር ተሕዋስያንም በዚህ ቃል ውስጥ በግልጽ ሊገቡ ይገባል። ብዙ ኬሚካል የሚረጭባቸው የመቂ፣ የዝዋይና የሆለታ እርሻዎች የአፈር ሕይወት በየጊዜው ይለካ፤ ውጤቱም በመሳቢያ ውስጥ ሳይቀር ለሕዝብ ይገለጽ። ያኔ ገበሬው የሚረጨውን ያውቃል፣ ዳኛውም የሚመዝነው ማስረጃ ያገኛል።

የፈረሰ ቤት ገንዘብ ካለ ይሠራል። ሕይወቱን ያጣ አፈር ግን በበጀት ዓመት አይመለስም። «አፈር ስሆን» ብለን የምንለማመጥበት አፈር ዛሬ እኛን እየተለማመጠ ነው፤ ሰሚ ካገኘ።

ቸር ይግጠመን።