ከካርታ ውጪ የተከፈቱ ዱካዎች፦ የብሪታንያ የገጠር መንገድ ሕግና በተራራ ብስክሌት ያስከተለው የአስተዳደር ፈተና

በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ በሕግ የመተላለፍ መብት ያለው የገጠር መንገድ በድምሩ ወደ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ብስክሌት ነጂ በመብት ሊጠቀምበት የሚችለው ሩብ ያህል እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ በየደኑ ውስጥ በማንኛውም ይፋዊ ካርታ ላይ ያልሰፈሩ፣ ነጂዎች ራሳቸው በአካፋና በዶማ የከፈቷቸው ጠባብ ዱካዎች ተበራክተዋል። ሕግ የፈቀደው መንገድና ሰዎች በተግባር የሚጠቀሙበት መንገድ መለያየታቸው የአካባቢ ምክር ቤቶችን፣ የደን አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችንና የግል ባለመሬቶችን ሲያወዛግብ አሠርት ዓመታትን አስቆጥሯል።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት በሆነበት አገር ለሚኖር አንባቢ ሥርዓቱ መጠነኛ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በእንግሊዝ አንድ የሕዝብ መንገድ በግለሰብ እርሻ መካከል አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል። መሬቱ የገበሬው ሲሆን የማለፍ መብቱ ግን የሕዝብ ነው። መብቱ ደግሞ ደረጃ አለው። የእግር መንገድ ለእግረኛ ብቻ ነው። የፈረስ መንገድ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ሲሆን ብስክሌትም ተፈቅዶለታል። ጋሪ ወይም ሞተር ጭምር የሚያልፍባቸው ሌሎች ሁለት ዓይነት መንገዶች አሉ፤ ድርሻቸው ግን አነስተኛ ነው። በእንግሊዝ ብቻ ካለው 188 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 146 ሺህ ያህሉ የእግር መንገድ፣ 32 ሺህ ያህሉ የፈረስ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ምደባው የተካሄደበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር ተጠቃሚነት ሕግ እያንዳንዱ አካባቢ የመንገዶቹን ይፋዊ ካርታ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። መነሻ መረጃውን የሰበሰቡት በአብዛኛው በእኛ ቀበሌ ሊመሰሉ የሚችሉ የአጥቢያ ምክር ቤቶች ነበሩ። አንዱ አጥቢያ ነባሩን መንገድ የፈረስ ብሎ ሲመዘግበው፣ ጎረቤቱ ያንኑ መንገድ የእግር ብሎ መዘገበው። በዚህም የተነሳ እስከ ዛሬ ድረስ በአጥቢያ ወሰን ላይ ሲደርሱ ያለ አንዳች የመልክዓ ምድር ለውጥ ከፈረስ መንገድነት ወደ እግር መንገድነት የሚቀየሩ መስመሮች አሉ። ስፋቱ አራት ሜትር የሆነ በጠጠር የተደለደለ መንገድ ለብስክሌት ሊከለከል፣ በጭቃ የተዋጠ ጠባብ ኮረኮንች ደግሞ ሊፈቀድ ይችላል። መለኪያው የመንገዱ ብቃት ሳይሆን መዝገቡ ነውና።

ብስክሌት በፈረስ መንገድ ላይ እንዲያልፍ የተፈቀደው በ1968ቱ የገጠር ሕግ ነው። ሕጉ ነጂው ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አስተዳደሩ ግን መንገዱን ለብስክሌት አመቺ የማድረግ ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል። የወቅቱ ሕግ አውጪዎች በአእምሯቸው የነበረው በዝግታ የሚጓዝ የገጠር ብስክሌተኛ ነበር። በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ እነ ጋሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ብስክሌቶች ከተራራ ቁልቁል ማውረድ የጀመሩት ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ ነው። ስፖርቱ ብሪታንያ ሲገባ የጠበቀው ከእርሱ በፊት የተጻፈ ሕግ ነበር። በ2000 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በተራሮችና በጨፌዎች ላይ በነጻነት የመዘዋወር መብትን ለእግረኛ ሲሰጥ ብስክሌትን ለይቶ አስቀርቶታል።

በእግር መንገድ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው በመርህ ደረጃ ወንጀል አልፈጸመም። የአካባቢ ደንብ ለይቶ ካልከለከለ በስተቀር ጉዳዩ በባለመሬቱና በነጂው መካከል የሚታይ የፍትሐ ብሔር ጥያቄ ነው። ይህ ክልከላውን ጥርስ አልባ አድርጎታል። ፖሊስ አያገባኝም ይላል። ባለመሬቱ ደግሞ ስሙን የማያውቀውን፣ በሰከንዶች ውስጥ ከዓይኑ የሚሰወረውን ነጂ ከሶ አይዘልቀውም።

ይሁንና የደን ውስጥ ዱካዎች ጉዳይ በእግር መንገድ ላይ ከመንዳት የከበደ ነው። ነጂዎቹ የሚፈልጉት ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛና መዝለያ በመሆኑ የፈረስ መንገድ ቢበዛላቸው እንኳ ሙሉ በሙሉ አይረኩም። አፈር ይቆፍራሉ፤ ከወደቀ እንጨት መዝለያ ይሠራሉ፤ ሥር ያጋልጣሉ። በክረምት እርጥበት ዱካው ጎርፍ መሄጃ ይሆናል። ቁፋሮው ጥንታዊ ምሽጎች ባሉበት ኮረብታ ወይም ወፎች መሬት ላይ በሚፈለፍሉበት ስፍራ ሲሆን ጉዳቱ የማይመለስ ነው። ዛፍ በሚቆረጥበት ወቅት ደግሞ የማሽን ኦፕሬተሩ በካርታው ላይ በሌለ ዱካ ሰው ቁልቁል ይመጣል ብሎ አይጠብቅም። ነጂዎች ጉዳዩን እንደ ንጹህ መዝናኛ ሲያቀርቡት ይህን ገጽታ አዘውትረው ይዘሉታል።

በመስክ ላይ ያለው የደን ኃላፊ አጣብቂኝ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1984ቱ የባለይዞታ ተጠያቂነት ሕግ መሠረት ለገባው ሰው ያልፈቀደ ባለይዞታም ቢሆን አደጋ መኖሩንና ሰው ወደዚያ እንደሚደርስ እያወቀ ከአቅም በላይ ያልሆነ ጥንቃቄ ሳያደርግ ከቀረ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አለማየት ይመረጣል። ይህ ዝምታ ግን የራሱ ዋጋ አለው። በ1980ው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ሕዝብ አንድን መንገድ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ማስገደድና በግልጽ ለ20 ዓመታት ሳይቋረጥ ከተጠቀመበት፣ ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ እንደሰጠ ሊገመት ይችላል። ሌላው አማራጭ ማፍረስ ነው። የፈረሰው ዱካ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ፣ ይበልጥ ተደብቆና በከፋ ሁኔታ እንደገና ይከፈታል።

የካሣ ክስ ስጋቱ በተወሰነ ደረጃ የተጋነነ እንደነበር ከ2003 የፍርድ ውሳኔ መረዳት ይቻላል። በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ሐይቅ ውስጥ ዋና መከልከሉን የሚገልጽ ምልክት እያለ ዘሎ የገባ ወጣት ከባድ ጉዳት ደርሶበት የአካባቢውን ምክር ቤት ከሷል። በወቅቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት፣ አደጋው ለማንም ግልጽ መሆኑንና ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በፈቃዱ ለገባበት አደጋ አስተዳደሩ እንደማይጠየቅ ወስኗል። ፍርድ ቤቱ በጥቂቶች ግድየለሽነት ምክንያት ሌላው ሕዝብ ከመዝናኛ ስፍራው ሊታገድ እንደማይገባም አመልክቷል። ሰው ሠራሽ መዝለያ ግን እንደ ሐይቅ አይቆጠርም፤ የተደበቀ ጉድለት ሊኖረው ይችላልና።

ስኮትላንድ የተለየ መንገድ መርጣለች። ከየካቲት 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ2003 የመሬት ማሻሻያ ሕግ ሞተር አልባ መጓጓዣን ጨምሮ በአብዛኛው መሬትና የውስጥ ውሃ ላይ የመዘዋወር መብትን ለሁሉም ሰጥቷል፤ ቅድመ ሁኔታው በኃላፊነት መጠቀም ነው። በመሆኑም ጥያቄው «ይህ መስመር የትኛው መደብ ነው?» ከሚለው «ሰውየው እንዴት ተጠቀመበት?» ወደሚለው ተሸጋግሯል። ለአስተዳደር ሥራ ሁለተኛው ጥያቄ እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም የስኮትላንድ ሕግ እንኳ የመንዳት እንጂ የመቆፈር መብት አልሰጠም። በ2023 የዓለም ሻምፒዮና የተራራ ብስክሌት ውድድር በተካሄደበት በትዊድ ሸለቆም ቢሆን ያለ ፈቃድ የተከፈቱ ዱካዎች ጉዳይ ሊታለፍ አልቻለም።

በተግባር ፍሬ ያሳየው አካሄድ የጽሑፍ ስምምነት ነው። የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተቋቁሞ የተወሰኑ ዱካዎችን ይረከባል፤ በየጊዜው ይፈትሻል፤ ፍተሻውን በመዝገብ ይይዛል፤ በአጸፋው ሌሎች ዱካዎች ይዘጋሉ። ባለይዞታዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር ቢኖር ፈቃድ መስጠት መብታቸውን የሚያሳጣ ሳይሆን የሚጠብቅ መሆኑን ነው። በፈቃድ የተደረገ አጠቃቀም ለ20 ዓመቱ ቆጠራ አይገባም። ስምምነቱን የሚያፈርሰው ሕግ ሳይሆን ድካም ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አካፋ የሚይዝ ሰው ላይገኝ ይችላል። መንግሥታዊ ማዕከላትም ከዚህ ስጋት ነጻ አይደሉም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለተራራ ብስክሌት ፈር ቀዳጅ የነበረው የዌልሱ ኮይድ ኧ ብሬኒን ደን ዱካዎቹ ክፍት ቢሆኑም የጎብኚዎች ማዕከሉ የምግብና የሽያጭ አገልግሎት በ2025 በበጀት ምክንያት ተቋርጧል።

በእንግሊዝ የካርታው ጉዳይ ገና አልተቋጨም። በካርታው ላይ ያልሰፈሩ ጥንታዊ መንገዶች የሚመዘገቡበት የጊዜ ገደብ በመጀመሪያ ለጥር 2026 ተወስኖ የነበረ ሲሆን በ2023 ወደ 2031 ተራዝሟል። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ መንግሥት ገደቡን ጨርሶ ለማንሳት ማቀዱን አስታውቋል። የፈረሰኞችና የብስክሌተኞች ማኅበራትም የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ክፍፍልና የአሥራት ካርታዎችን እያገላበጡ፣ በስህተት የእግር መንገድ ተብለው የተመዘገቡ መስመሮች ወደ ፈረስ መንገድነት እንዲመለሱ ለምክር ቤቶች ማመልከቻ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ያ መንገድ በጥንት ጊዜ ፈረስ ያለፈበት ስለመሆኑ እንጂ ዛሬ ማን እንደሚያስፈልገው አይደለም።