መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካለቀ በኋላ ነው

«ከጀርባው ውሃ ካስቀዳሽው ልጅሽ ሽባ ሆኖ ይቀራል።» ሰሞኑን በአንድ የሕክምና ተቋም ግቢ አንድ ጎልማሳ ለአንዲት እናት ይህን ሲመክር ሰማሁ። የልጁ ሰውነት በትኩሳት ይነድዳል፤ አንገቱ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ጠርጥሮ የጀርባው ፈሳሽ ይመርመር ብሏል። እናትየዋ ግን አልፈርምም አለች።

እንዲህ የሚመክሩ ሰዎች አሳቢዎች ናቸው ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። ማሰብ የማያውቁትን አካል በድፍረት ለመተንተን ፈቃድ አይሆንም።

ሽባ የሚያደርገው የህብለ ሰረሰር ጉዳት ነው ትላላችሁ። ለመሆኑ ህብለ ሰረሰሩ የት ድረስ ነው? ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአከርካሪው ቦይ ይወርዳል እንጂ እስከ ታች አይዘልቅም። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚያልቀው በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ወደ እግርና ወደ ፊኛ የሚወርዱ የነርቭ ዘለላዎች ናቸው፤ በፈሳሹ ውስጥ ስለሚንሳፈፉ መርፌ ሲጠጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ገለል ይላሉ። መርፌው የሚገባው እዚሁ ነው፤ በ3ኛውና በ4ኛው ወይም በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል። የጨቅላ ሕፃን ህብለ ሰረሰር ዝቅ ብሎ ስለሚያልቅ ሐኪሙም ዝቅ ያለውን ቦታ ይመርጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪኽ ክዊንኬ ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ትናንት የመጣ ሙከራ አይደለም።

ውሃውስ ያልቃል? አዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ አለው፤ ሰውነቱ በቀን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ያመነጫል። ለምርመራ የሚቀዳው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው።

«ተወግቶ ሽባ የሆነ ልጅ አውቃለሁ» ይሉኛል። ልጁ የተወጋው ለምን ነበር? ባክቴሪያ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ይገድላል፤ የተረፈውንም ያደነቁራል፣ እጅና እግሩን ያሰንፋል፣ ለሚጥል በሽታ ይዳርጋል። በሽታው ያደረሰውን ጉዳት በመርፌው ማሳበብ ቀጣዩን ልጅ ለዚያው በሽታ አሳልፎ መስጠት ነው። መርፌው ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ መርፌው የማይስማማውን ሕመምተኛ አስቀድሞ መለየትም የሐኪሙ ሥራ ነው። ተህዋሲው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው በትክክል የሚናገረው ግን ያ ፈሳሽ ነው።

ሐኪሞቻችንም ወረቀት ዘርግተው «ፈርሚ» ማለት አይበቃቸውም። የእናትየዋን ወገብ በጣታቸው ነክተው «መርፌው የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ ከዚህ በላይ አልቋል» ይበሏት። መካሪው ደግሞ ይህን ካላወቀ ዝም ይበል፤ የሚሞተው የእሱ ልጅ አይደለም።