አርጃኖን በቤት ስለ ማኖርና ስለ ማደሪያው ስፋት

እንግዳን ከመጋበዝ አስቀድሞ ቤትን መመልከት የአስተዋይ ባለቤት ልማድ ነው። መኝታው ሳይሰናዳ፥ መብሉም ሳይታሰብ እንግዳ የሚጠራ ሰው ልቡ ቸር ቢሆንም እንኳ እንግዳውን ማጕላላቱ አይቀርም። እንግዳው ሰው የሆነ እንደ ሆነ፥ ማደሪያው ቢጠበው በማግሥቱ ተሰናብቶ ይሄዳል። እንስሳ የሆነ እንደ ሆነ ግን ተሰናብቶ የሚሄድበት መንገድ የለውምና ጥበቱን ተሸክሞ እስኪሞት ድረስ ይኖራል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገርበት ጉዳይ ይኸው ነው።

ነገሩን ያነሣንበት ምክንያት፥ በአሜሪካ አገር በቪርጂኒያ ግዛት ከቤተ ሰቡ ጋር የሚኖር አንድ ወዳጃችን የላከልን ደብዳቤ ነው። ይህ ወዳጃችን የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አለው። ልጁ በእንግሊዝኛ «ሣቫና ሞኒተር» የሚባለውን የአርጃኖ ዐይነት ገዝቶ በቤት ለማሳደግ ተመኝቶ፥ አንድ ዓመት ሙሉ ገንዘቡን ሲያጠራቅም ቆየ። አባቱም ገንዘቡ በሞላ ጊዜ እንደሚፈቅድለት ቃል ሰጥቶት ነበር። አሁን ገንዘቡ ሞላ። ሻጩም 1 ሜትር ርዝመት ያለው የመስተዋት ሣጥን ይበቃዋል ብሎ አሳያቸው። «እኔ ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ እንጂ ስለ አርጃኖ የማውቀው የለኝም፤ ሣጥኑ ይበቃው እንደ ሆነ መርምረህ ጻፍልኝ፤ ለልጄ የሰጠሁትን ቃል ማጠፍ አልወድም» ሲል ለመነን። ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ አንባቢዎች ስላሉን፥ መልሱን ለእርሱ ብቻ ከመላክ ይልቅ በዚህ ገጽ ደግሞ ማውጣቱን መረጥን።

አስቀድመን እንስሳውን እንወቀው። ሣቫና ሞኒተር ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው ሣራማ ቆላ የሚኖር አርጃኖ ነው፤ ለንግድ የሚወሰደውም በብዛት ከጋና፥ ከቶጎና ከቤኒን ነው። ከእንቁላሉ በወጣ ጊዜ ከስንዝር የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ በልጅ መዳፍ ላይ ተኝቶ ሲያዩት ቤት የሚያጣብብ አይመስልም። ነገር ግን ፈጥኖ ያድግና ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በመልካም አያያዝም ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። እንግዲህ ዛሬ በ12 ዓመቱ የሚገዛው ልጅ 22 ዓመት ሞልቶት ከአባቱ ቤት በሚወጣበት ጊዜ እንስሳው ገና በሕይወት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ወዳጃችን ቃል የሰጠው ለአንድ ስጦታ መስሎት ነበር፤ በእውነቱ ግን አዲስ ቤተኛ ለማስገባት ነው።

በዚህ ንግድ ውስጥ ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «እንሽላሊት የሚያድገው በሣጥኑ ልክ ነው» የሚል ነው። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ጠባብ ሣጥን የእንስሳውን ጤና ይጐዳል እንጂ አካሉን በልኩ አያስቀርም። እኛም ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አስቀድሞ በገዛ ጥፋታችን ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ ከጓደኞቻችን ጋር ከወንዝ ዳር አንድ ትንሽ አርጃኖ ይዘን በሳሙና ሣጥን ውስጥ አኖርነው። እንቁላልና ሥጋ ከራሳችን ድርሻ እየቀነስን አበላነው፤ መብሉን አንድ ቀን እንኳ አላጓደልንበትም። እርሱ ግን መውጫ ሲፈልግ አፍንጫውን በሣንቃው ላይ እየፈተገ አቈሰለው። እኛም የሚፈትግበትን ቀዳዳ በቈርቆሮ ደፈንነውና ደግ ሥራ የሠራን መሰለን። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሞተ። ያን ጊዜ «ምን ጐደለበት?» ብለን ተከራከርን። የጐደለበት ስፍራ ነበረ።

ስፍራ ለእንሽላሊት የምቾት ነገር ብቻ እንዳይመስለን። ሰውና በግ ሙቀታቸውን ከገዛ ሰውነታቸው ያገኛሉ፤ እንሽላሊት ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ነው። እኛ ሲበርደን ጋቢ እንደርባለን፥ ሲሞቀን እንገፈዋለን። የእንሽላሊት ጋቢ ርቀት ነው። ሲበርደው ወደ ሙቀቱ ይቀርባል፥ ሲሞቀው ከሙቀቱ ይርቃል። ሣቫና ሞኒተር ለመሞቅ የሚተኛበት ድንጋይ ፊቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይገባዋል፤ በሌላው ጫፍ ያለው አየር ደግሞ ወደ 25 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይገባዋል። በ1 ሜትር ሣጥን ውስጥ ይህን የሚያህል መብራት የበራ እንደ ሆነ ሣጥኑ በሙሉ ምድጃ ይሆናል፤ መብራቱ የተቀነሰ እንደ ሆነም እንስሳው የበላውን ለመፍጨት የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ስለዚህ ሣጥን የሚያጠብ ሰው የእንሽላሊቱን ጋቢ እንደ ገፈፈ፥ ወይም በቀትር ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርቦ እንዳሰረበት ይቈጠራል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ለማስታወስ የሚቀል ደንብ አለ፤ ይኸውም በመሬት ላይ ለሚሄድ ትልቅ እንሽላሊት የማደሪያው ርዝመት ከአደገው እንስሳ ርዝመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ፥ ወርዱም ቢያንስ ከአደገው እንስሳ ርዝመት ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። ወርዱ እንዲህ የሆነበት ምክንያት እንስሳው ጭራው ሳይታጠፍ እንዲዞር ነው። እንግዲህ ለ120 ሴንቲ ሜትር አርጃኖ 240 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 120 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያስፈልገዋል። በአባቶቻችን መለኪያ ርዝመቱ ወደ 5 ክንድ፥ ወርዱም ወደ 2 ክንድ ተኩል ይሆናል። ቁመቱም ከ120 ሴንቲ ሜትር ባያንስ መልካም ነው። የሚለካው ዛሬ በእጅ ላይ ባለው እንስሳ ሳይሆን በሚመጣው እንስሳ ነው።

ይህ ልክ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ወለል ላይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ በእልፍኛችን ውስጥ በጠመኔ አሠመርነው። የቤታችን እመቤት ከጓዳ ብቅ ብለው «ደግሞ አልጋ ሊያስገቡ ነውን?» ብለው ጠየቁን። የአርጃኖ ቤት ልክ መሆኑን ብንነግራቸው ዙሪያውን ተመልክተው «እኛስ ወዴት ልንገባ ነው?» አሉን። ወዳጃችንም ሣጥን ከመግዛቱ በፊት ይህንኑ እንዲያደርግ እንመክረዋለን። በሚያኖርበት ክፍል ወለል ላይ ልኩን ከልጁ ጋር ሆኖ ያሥምር፤ 30 ቀንም በውስጡ ሳይረግጡ፥ ዕቃም ሳያኖሩበት ዙሪያውን እየዞሩ ይኑሩ። በ30 ቀን የሰለቸ ሰው 10 ዓመት አይታገሥም።

ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን ያልንበት ምክንያት አፈር ስለሚገባበት ነው። ይህ አርጃኖ ጕድጓድ ቈፋሪ ነው፤ በትውልድ አገሩ ከበጋው ድርቀት የሚሸሸገው ከምድር በታች ባለው እርጥበት ውስጥ ነው። በደረቅ ወለል ላይ የሚኖር አርጃኖ ውሃው ከሰውነቱ እያለቀ ይታመማል። ስለዚህ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር ይፈልጋል። ይህንንም ብናሰላው ከአንድ ሜትር ኩብ ተኩል ይበልጣል፤ ክብደቱም ከ20 ኩንታል በላይ ነው! በወለሉ ላይ የሚያርፈው ሸክም በካሬ ሜትር ወደ 700 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በአሜሪካ አገር ግን የመኖሪያ ክፍል ወለል በተለመደው ሥሌት የሚታሰበው በካሬ ሜትር ወደ 195 ኪሎ እንዲሸከም ነው። እንግዲህ ይህን ማደሪያ በፎቅ ቤት ማኖር የጐረቤትን ራስ ማስጋት ነው፤ ስፍራው መሬት ላይ ባረፈ የሲሚንቶ ወለል ላይ ብቻ ነው። ወዳጃችን በደብዳቤው የሚኖረው በ3ኛው ፎቅ መሆኑን ጽፎልናልና ይህን ነጥብ ደጋግሞ እንዲያነበው እንለምነዋለን።

ሻጩን ፈጽሞ ዋሽቷል ማለት አንችልም፤ የ1 ሜትሩ ሣጥን ከእንቁላል ገና ለወጣ አርጃኖ ጥቂት ወራት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ መሠራቱ አይቀርምና ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ደግሞም አፉ ወንፊት የሆነ የመስተዋት ሣጥን ሙቀትንና እርጥበትን ስለማይዝ፥ ውሃ እንዳያሰርግ ሆኖ በሣንቃ የተሠራ ይሻላል። በሩ በቍልፍ ይዘጋ፤ መብራቱም እንስሳው ተጠግቶ እንዳይቃጠል በሽቦ ይከለል። ከሙቀቱ መብራት ሌላ፥ እንደ ፀሐይ የአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ መብራት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ እንስሳ ጨረሩን ያጣ እንደ ሆነ አጥንቱ ሊለሰልስና ሊጣመም ይችላል። ማደሪያው ወጥ ቤት አጠገብ አይሁን፤ እንሽላሊቶች ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ተሐዋሲ ሊይዙ ስለሚችሉ፥ የነካቸው ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም አይንኳቸው።

ሌላ ዐይነት ትልቅ እንሽላሊት ለሚያስቡ ደግሞ ልኩ እንደ ጠባዩ ይለወጣል። ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው አረንጓዴው ኢጓና ቅጠል በል ሆኖ በዛፍ ላይ የሚኖር ነው፤ ጭራው ተጨምሮ 1 ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ስለሚደርስ፥ ለእርሱ ከርዝመቱ ይልቅ ቁመቱ ይታሰባል፤ ይኸውም ቢያንስ 180 ሴንቲ ሜትር ነው። በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች ዳር የምናየው የናይል አርጃኖ ደግሞ ከ2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ዋናተኛም ስለ ሆነ ገላው የሚሰጥምበት ገንዳ ይፈልጋል። ባልነው ደንብ ብንለካ ማደሪያው ከ4 ሜትር በላይ በ2 ሜትር ይሆናል። ይህም ለእንስሳ አንድ ሙሉ ክፍል መልቀቅ ነው። ስለዚህም እርሱን በቤት አታኑሩ እንላለን። በአገራችንም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ሕግ የሚከለክለው ነገር ነው፤ እኛ በልጅነታችን ያደረግነውን ማንም አብነት እንዳያደርገው።

አስቀድሞ ያለመለካት ጕዳት ከአንድ ቤት አልፎ አገርን እንደሚነካ በፍሎሪዳ ግዛት ታይቷል። ኬፕ ኮራል በሚባለው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1990 ገደማ ጀምሮ የናይል አርጃኖ ከሰው እጅ ወጥቶ በዱር ሲራባ ተገኘ፤ በዚያ ከተማ በጕድጓድ ለሚኖሩት ጕጕቶችም የሚያሰጋ ጠላት ሆነ። በመጨረሻም የግዛቱ የዱር አራዊት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 የናይል አርጃኖንና አረንጓዴውን ኢጓና በተከለከሉት እንስሳት መዝገብ ውስጥ አገባቸው። ቤት የጠበበው ባለቤት ለእንስሳው ያዘነ መስሎት በወንዝ ዳር ሲለቀው፥ ዕዳውን በጐረቤቱ ላይ ጣለው ማለት ነው።

ለወዳጃችን የምንመልሰው እንግዲህ ይህ ነው። ቃልህን አታጥፍ፤ ነገር ግን የሰጠኸው ቃል ምን እንደ ነበረ መርምር። ልጅህ እንስሳ እንዲያሳድግ ፈቀድህለት እንጂ በሣጥን አስሮ እንዲያሰቃይ አልፈቀድህለትም። የወለሉን ልክ እርሱ ራሱ ያሥምር፤ የአፈሩንም ክብደት እርሱ ራሱ ያስላ። በ12 ዓመቱ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ለማጠራቀም የታገሠ ልጅ ይህን ለማስተዋል አያቅተውም። ምድር ቤት ያለው መኖሪያ እስክታገኙ ድረስ ለመቈየት የወደደ እንደ ሆነ መልካም። ካልሆነም «ቢርድድ ድራጎን» የሚባለው የአውስትራሊያ እንሽላሊት ከ60 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ስለ ሆነ፥ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፥ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ማደሪያ ሊኖር ይችላል፤ ይህንንም ያህል አፈር አይፈልግም። የሚመርጠው ልጁ ይሁን፤ አንተ ግን ልኩን ሳትደብቅ ንገረው።

ደብዳቤያችን በዚህ ሳምንት ተልኳል፤ መልሱ ገና አልደረሰንም። በእልፍኛችን ወለል ላይ ያሠመርነው ጠመኔ ግን እስካሁን አልጠፋም። የቤታችን ልጆች እንዳይረግጡት እየዘለሉት ያልፋሉ።