የተሰበረው ፔዳልና የጎደለው ሕግ

አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ ሲሰበርበት ራሱ ፈትቶ የመጠገን መብት አለው? ለብዙ ሰው ይህ ጥያቄም አይደለም። ዕቃው የእሱ እስከሆነ ድረስ ቢፈልግ ይፈታዋል፣ ቢፈልግ ይገጥመዋል፣ ቢያሻው ደግሞ ከነበረው የተሻለ አድርጎ ይሠራዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ዓመታት የፈጀ ክርክር ተደርጎ ሕግ እስከ መውጣት ደርሷል። ሕጉ ሲወጣም ጎዶሎ ሆኖ ወጣ። ጉድለቱን ለማየት ስለ ትራክተርና ስለ ስልክ መከራከር አያስፈልግም፤ አንድ የቪዲዮ ጌም ድራም ፔዳል ይበቃል።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሃርሞኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው «ሮክ ባንድ» የተሰኘ የሙዚቃ ቪዲዮ ጌም በኖቬምበር ለገበያ ቀረበ። በ170 ዶላር ገደማ በሚሸጠው ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከጌሙ ጋር የፕላስቲክ ጊታር፣ ማይክሮፎንና አራት መምቻ ያለው ድራም ነበሩ። ባለቀለም ምልክቶች ሙዚቃውን ተከትለው በቴሌቪዥኑ ላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ በዱላ የየቀለሙን መምቻ በሰዓቱ ይመታል፤ ትልቁን ከበሮ ደግሞ በእግሩ ፔዳል እየረገጠ ይጫወታል። ጓደኛሞች አንድ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው ባንድ ይሆናሉ።

ፔዳሉ ግን አልቻለም። እግር የሚያርፍበት ሰሌዳ ፕላስቲክ ነበር። ጊታሩን የሚጫኑት ጣቶች ናቸው፤ ማይክሮፎኑን የሚይዘው እጅ ነው፤ ፔዳሉ ላይ የሚያርፈው ግን የሰው እግር ነው፣ ያውም በአንድ ዘፈን ውስጥ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ተጫዋቹ ሞቅ ሲለው ተረከዙን አንሥቶ በእግሩ ፊት ይረግጣል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ሁሉ ሰሌዳው ላይ አንድ ቦታ ያርፋል። ፕላስቲክ ደግሞ በተደጋጋሚ ሲጎብጥ ይደክማል። መጀመሪያ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ለሁለት ይከፈላል። ብዙ ፔዳል በዚህ መንገድ ተሰበረ። ከዕቃው ሁሉ ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ክፍል በደካማ ነገር ተሠርቶ ነበርና።

በዓመቱ፣ በ2008፣ «ሮክ ባንድ 2» ሲወጣ አዲሱ ፔዳል በብረት ተጠናክሮ መጣ። ይህ ለአምራቹ የሚያስመሰግን ነው፤ ስህተቱን አይቶ አርሟል። ነገር ግን ያ ብረት የተጨመረው አዲስ ለሚገዛው ነው። የመጀመሪያውን የገዛና ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ቦታ የተከፈለ ፕላስቲክ የያዘ ሰው ምን ያድርግ?

ተጫዋቾቹ መልሱን ከማንም አልጠበቁም። ቀላሉ ዘዴ ላሜራ ነበር። የሰሌዳውን ቅርጽ በወረቀት ያነሣሉ፣ በዚያው ልክ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ላሜራ ይቆርጣሉ፣ ጥግ ጥጉን በሞረድ ያለሰልሳሉ፣ ከዚያ በመሰርሰሪያ ቀዳድተው በብሎን ከፕላስቲኩ ጋር ያስሩታል። የቀረው ፕላስቲክ ሸክሙን ለላሜራው አስረክቦ ቅርጽ መያዝ ብቻ ይሆናል ሥራው። ላሜራ ያጣ በጣውላ ይሠራዋል። አንዱ ያገኘውን ዘዴ ፎቶ አንሥቶ ለሌላው ያካፍላል፤ ሌላው የብሎኑን ቦታ ያሻሽልና መልሶ ያካፍላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ማንም ሳይከፍላቸው እርስ በርስ የጥገና መመሪያ ጻፉ።

አንዳንዶቹ ደግሞ ከጥገና አልፈው ወደ ማሻሻል ሄዱ። ይህን ለመረዳት ፔዳሉ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ሚስጥሩ ትንሽ ነው። ከሚረገጠው ሰሌዳ ሥር ማግኔት አለ፤ በታችኛው ክፍል ደግሞ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ የታሸጉ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች አሉ። እግር ሲረግጥ ማግኔቱ ይቀርባል፣ ምላሶቹ ይነካካሉ፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ጌሙም «ተመታ» ብሎ ይመዘግባል። እግር ሲነሣ ሞላው ሰሌዳውን ይመልሰዋል፣ ምላሶቹም ይለያያሉ። ከዚያ ሁለት ሽቦ ወጥቶ እንደ ኤርፎን ባለ ተራ ጃክ ድራሙ ላይ ይሰካል። በቃ፤ ሌላ ምንም የለም።

ይህን ያየ ሰው ከሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ያገለገለ የእውነተኛ ድራም ፔዳል ይገዛል። የመስታወቱን ቱቦ በማይንቀሳቀሰው የፔዳሉ አካል ላይ ያስራል፤ ማግኔቱን በሚንቀሳቀሰው ላይ ይለጥፋል፤ ሁለቱን ሽቦ በጃኩ ላይ ይበይዳል። የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ እንኳ አያስጨንቅም፤ ይህ ማብሪያ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ የለውም። የሚያስቸግረው ርቀቱ ነው። ማግኔቱ ከልክ በላይ ከቀረበ እግር ተነሥቶም ምላሶቹ እንደተጣበቁ ይቀራሉ፣ ቀጣዩ ምት አይመዘገብም፤ ከራቀ ደግሞ በደንብ ያልተረገጠው ሁሉ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት አስጠግቶ አርቆ መሞከር ይፈልጋል። ሲሳካ ግን መጫወቻው ላይ ያለው እግር የእውነተኛ ድራም ተጫዋች እግር የሚለማመደውን ይለማመዳል፤ የፔዳሉ ክብደት፣ የሞላው መልስ፣ የእግሩ ፍጥነት እውነተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ይህ ሁሉ የተቻለው ተጫዋቾቹ ጎበዝ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ፔዳሉ በብሎን የታሰረ፣ በውስጡ ተራ ማብሪያ ያለው፣ በየሱቁ በሚገኝ ጃክ የሚሰካ ስለነበረ ነው። ማለትም ዕቃው ሊጠገን የሚችል ሆኖ የተወለደ ነው።

በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ተቃራኒውም አለ። ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠሩት የ«ሮክ ባንድ» ገመድ አልባ መሣሪያዎች ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩት በአንዲት አውራ ጣት በምታክል የዩኤስቢ መቀበያ በኩል ነው። ያቺ መቀበያ ከጠፋች መሣሪያው ምንም ሳይጎድለው ይደነቁራል። ላሜራ አይረዳውም፣ ብየዳ አይረዳውም፤ ቢያንስ ለተራ ባለቤት። በአንድ በኩል ለሁለት የተሰበረ ፔዳል በአንድ ቁራጭ ብረት ይነሣል፤ በሌላ በኩል ጭረት የሌለበት ዕቃ ትንሽ ፕላስቲክ ስለጠፋች ቆሻሻ ይሆናል። ልዩነቱን የፈጠረው ጉዳቱ አይደለም፤ ዕቃው ሲነደፍ የተወሰነው ውሳኔ ነው።

ሕግ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2023 ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ የመጠገን መብት የሚባለውን ሕግ አወጡ፤ በ2024 ጁላይ ወር ሥራ ላይ ዋሉ። የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች መለዋወጫን፣ መሣሪያንና የጥገና መመሪያን ለባለቤቱና ለግል ጠጋኙ እንዲያቀርቡ ያዝዛሉ። ጥሩ ሕጎች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የቪዲዮ ጌም ማሽኖችን ነጥለው አስወጡ። ትርጉሙም ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹንና ተቀጥላዎቹን ይጨምራል። ስልክ ይጠገናል፣ ኮምፒውተር ይጠገናል፤ ፔዳል ግን ከሕጉ ውጭ ነው። በ2024 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያም አምራቹ የመጠገን ግዴታ ያለበትን ዕቃ በዝርዝር ሲያስቀምጥ ማጠቢያ ማሽን፣ ማቀዝቀዣና ስልክ አሉበት፤ የጌም ዕቃ የለበትም።

እርግጥ ነው፣ የአሜሪካዎቹ ሕጎች የሚመለከቱት ከ2021 አጋማሽ ወዲህ የተሸጠን ዕቃ ስለሆነ የ2007ቱን ፔዳል በምንም መንገድ አይደርሱለትም። ጥያቄው ስለ ቀጣዩ ፔዳል ነው።

የጌም ኩባንያዎች ክርክር ይታወቃል። ማሽኑ ከተከፈተ የተሰረቀ ጌም የሚጫወትበት መንገድ ይከፈታል ይላሉ። ለማሽኑ ይህ ክርክር ሚዛን ሊኖረው ይችላል፤ በውስጡ ቅጂን የሚከለክል ቁልፍ አለና። ግን ማግኔትና ሁለት ሽቦ ውስጥ ምን የሚሰረቅ ነገር አለ? አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ሞላ፣ አንድ ጃክ የማንን ቅጂ መብት ይጥሳሉ? ለማሽኑ የተነሣ ሰበብ ፔዳሉንም ይዞት ወጣ፤ ማንም ሁለቱን ለመለየት አልደከመም።

ሁለተኛው ክርክር የዋጋ ነው። አራት ነገር በአንድ ካርቶን ለ170 ዶላር የሚሸጥ ሰው ሁሉንም ከብረት ሊሠራ አይችልም። ይህ እውነት ነው፤ የሚጠየቀውም ብረት አይደለም። ሰሌዳው ብቻውን የሚሸጥ መለዋወጫ ይሁን፤ በሙጫ ሳይሆን በብሎን ይታሰር፤ መሰኪያው ተራ ጃክ ይሁን፤ የጠፋች መቀበያ ለብቻዋ ትገኝ። ይህ ዕቃውን አያስወድደውም፤ ዕድሜውን ያረዝመዋል እንጂ።

ዕድሜ ደግሞ እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም። በ2011 የተቀናቃኙ «ጊታር ሂሮ» ሥራ ቆመ። ለ2015ቱ «ሮክ ባንድ 4» መሣሪያዎቹን ያመረተው ማድ ካትዝ በ2017 ከሰረ። አምራቹ ሲዘጋ ዋስትና የሚባለው ወረቀት ማንን ይዞ ይጠየቃል? ሆኖም ዛሬም እነዚያን ድራሞች ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው «ክሎን ሂሮ» በተባለው ነፃ ጌም የሚጫወቱ አሉ። ዕቃውን ከአምራቹ በላይ ያኖረው ጠጋኙ ነው።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በሚኒሶታና በካሊፎርኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ለልጆቻቸው የሚገዙት ዕቃ በእነዚህ ሕጎች ሥር ነው፣ ወይም ከእነዚህ ሕጎች ውጭ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ተመልሶ ምጣድና ምድጃ ሲሆን እያየ ያደገ ሰው፣ ለመጠገን ፈቃድ መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ቢነገረው ለመረዳት ይቸገራል። አለመረዳቱም ትክክል ነው። መጠገን ፈቃድ የሚፈልግበት ጊዜ የመጣው ጠጋኙ ስለተለወጠ አይደለም፤ ዕቃው ከባለቤቱ እንዲደበቅ ተደርጎ መሠራት ስለጀመረ ነው።

የሚኒሶታና የካሊፎርኒያ ምክር ቤቶች ማረም ያለባቸው ብዙ አይደለም። የጌም ዕቃን የሚያስወጣውን አንቀጽ መሰረዝ ይችላሉ። ያ ከበዛ፣ ቢያንስ «ተቀጥላ» የሚለውን ቃል ከውስጡ ያውጡት። ማሽኑ ላይ ክርክሩ ይቀጥል፤ ፔዳሉ ግን ለባለቤቱ ይመለስ።